«ራን» ሲባል ሁሌ ሩጫ አይደለም፦ ቃሏን ከነጥምሮቿ የመፍቻ ዝርዝር መመሪያ

አር፣ ዩ፣ ኤን። ሦስት ፊደል ናት። «መሮጥ» ማለት እንደሆነች ከታች ክፍል ጀምሮ የማያውቅ የለም። ችግሩ የሚመጣው አለቃ «ካን ዩ ራን ዘ ሚቲንግ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ወይም ነርሷ የልጁ አፍንጫ «ራን» ያደርግ እንደሆነ ስትጠይቅ። ወይም ፖሊስ፣ ሹፌሩ ቀይ መብራት «ሬን» ብሎ ሲጽፍ። በሦስቱም ቦታ የሚሮጥ ሰው የለም።

የሚያሳስተን ቃሏን ማወቃችን ነው። የማናውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ከፍተን እናያለን። «ራን»ን ግን ማን ከፍቶ ያያታል?

መሸምደድን እርሱት። የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም ለይተዋል። ያንን የሚሸመድድ ሰው ካለ ሌላ ሥራ የለውም ማለት ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ትርጉሙን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ለማውጣት ነው። ደረጃ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ።

አንደኛ፣ ለቋንቋ ተማሪዎች የተሠራ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ እና ሎንግማን በኢንተርኔት በነጻ የሚታይ አላቸው። አንዱን ምረጡና እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን ለዚህ ሥራ ዝጉት። ለ«ራን» አራት አምስት ትርጉም ደርድሮ የቱ የት እንደሚገባ ሳይነግራችሁ ይተዋችኋል።

ሁለተኛ፣ ደብተር። ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው ከ«ራን» ጋር የመጡትን ቃላት፣ በሦስተኛው የአማርኛ ትርጉሙን ትጽፋላችሁ።

ሦስተኛ፣ ያስቸገራችሁ ዓረፍተ ነገር ራሱ። ከኢሜይል፣ ከፊልም፣ ከውል፣ ከየትም ይሁን፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ዓረፍተ ነገር ጋር ገልብጡት። «ራን» ብቻዋን ተነጥላ ከመጣች ማንም ሊተረጉምላችሁ አይችልም።

ስለ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ «ራን» ስል መካከሉ ላይ «ዩ» ያለው ቅርጽ ነው። «ሬን» ስል መካከሉ ላይ «ኤ» ያለው፣ ያለፈ ጊዜ የሚያሳየው ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ለዩ

ቅርጾቹ ሦስት ናቸው፦ ራን፣ ሬን፣ ራን። ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ከ«ሃቭ»፣ «ሃዝ» እና «ሃድ» በኋላ የሚመጣው «ራን» ነው። «ዊ ሃቭ ሬን አውት ኦቭ ፔፐር» ስህተት ነው፤ «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦቭ ፔፐር» በሉ።

በጆሮ ሁለቱን መለየት ለእኛ ይከብዳል። አንድ ዘዴ አለ። ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ሆኖ፣ ከፊቷ «ካን»፣ «ዊል» ወይም «ዳዝንት» ዓይነት ረዳት ቃል ሳይኖር መጨረሻው ላይ «ስ» ካልሰማችሁ፣ የተባለው «ሬን» ነው፤ ነገሩ አልፏል። «ሺ ራንስ ዘ ሾፕ» ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት፣ አሁንም። «ሺ ሬን ዘ ሾፕ» ግን ድሮ ነበር።

ደረጃ 2፦ ስም ናት ወይስ ግስ?

ከፊቷ ያለውን ቃል ተመልከቱ። «ኤ»፣ «ዘ» ወይም ቅጽል ካለ ስም ናት። «ቱ»፣ «ካን»፣ «ዊል» ወይም ባለቤት ካለ ግስ ናት።

ግስ ከሆነች ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። ስም ከሆነች እነዚህን ሞክሩ፦

- «ጎ ፎር ኤ ራን»፦ ለስፖርት ሮጥ ሮጥ ማለት። በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ የእንግሊዝኛ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውም ይህችው ናት።
- «ኢን ዘ ሎንግ ራን»፦ ውሎ አድሮ።
- «ኦን ዘ ራን»፦ ከሕግ ወይም ከሚያሳድደው ሸሽቶ የተደበቀ። ሥራ የበዛበትንም ሰው እንዲህ ይሉታል፤ የቱ እንደሆነ ከወሬው ይታወቃል።
- «ኤ ራን ኦን ዘ ባንክ»፦ ደንበኞች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲሯሯጡ። እ.ኤ.አ. ማርች 2023 አሜሪካ ውስጥ ሲሊከን ቫሊ ባንክን የጣለው ይህ ነው።
- በቤዝቦልና በክሪኬት «ራን» የነጥብ መቁጠሪያ ናት።
- «ዘ ራንስ»፦ ተቅማጥ።

የመጨረሻዋን አስምሩባት። «ዘ» ከፊት፣ «ስ» ከኋላ። ሐኪም ቤት ውስጥ ከዚህ ውጭ ትርጉም የላትም። አረጋዊ እናታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እያስተረጎማችሁ ከሆነ፣ «ትሮጣለች ወይ እያሉ ነው» ብትሏቸው ሁለታችሁም ግራ ትጋባላችሁ።

ደረጃ 3፦ «የሚሮጠው» ማን ነው?

ባለቤቱን ፈልጉ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰው ወይም እንስሳ ካልሆነ፣ «መሮጥ»ን ወዲያው ጣሉት። ከዚያ እንዲህ አንብቡ፦

- ሞተር፣ ማሽን፣ ሶፍትዌር ከሆነ «ይሠራል»። «ዚስ ካር ራንስ ኦን ዲዝል» መኪናው በናፍጣ ነው የሚሠራው።
- ውሃ፣ ደም፣ አፍንጫ ከሆነ «ይፈስሳል»።
- ቀለም፣ ጨርቅ ከሆነ «ይለቅቃል»። ልብስ ላይ «ከለርስ ሜይ ራን» የሚል ካያችሁ ከነጭ ጋር አትጠቡት።
- አውቶቡስ፣ ባቡር ከሆነ «ይመላለሳል»። «ዘ ባስ ዳዝንት ራን ኦን ሰንዴይስ» እሑድ አውቶቡስ የለም።
- ውል፣ ትርኢት፣ ኮርስ ከሆነ «ይቆያል»። «ዘ ሊዝ ራንስ ፎር ቱ ይርስ» የኪራይ ውሉ ለሁለት ዓመት ነው።
- መንገድ፣ ቧንቧ፣ ሽቦ ከሆነ «ተዘርግቷል»፣ «ያልፋል»።
- በሽታ ወይም ጠባይ ሆኖ «ኢን ዘ ፋሚሊ» ከተከተለው፣ በዘር የሚተላለፍ ማለት ነው። ሐኪም ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንዲህ ብሎ ይጠይቃል።

ባለቤቱ ሰው ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም። ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ከኋላዋ ምን ተከተላት?

ግሷ ወዲያው ስም ካስከተለች፣ ስሙ የሩጫ ውድድር ወይም ርቀት ካልሆነ በቀር፣ ሰውዬው ብዙ ጊዜ የሚሮጥ ሳይሆን አንድ ነገር የሚያስኬድ ነው። አስኬደ፣ አንቀሳቀሰ፣ አስተዳደረ። የቱን እንደምትመርጡ የሚወስነው የተከተለው ስም ነው።

«ራን ኤ ቢዝነስ» ንግድ ማስተዳደር ነው። «ራን ኤ ሚቲንግ» ስብሰባ መምራት። «ራን ኤ ቴስት» ምርመራ ማድረግ። «ራን ኤ ፊቨር» ማተኮስ፤ ሰውዬው ትኩሳት አለው። «ራን ኤ ባዝ» ገንዳውን ውሃ መሙላት። «ራን ኤን አድ» ማስታወቂያ ማውጣት። «ራን ኤሬንድስ» ደግሞ ለትንንሽ ጉዳዮች ወዲህ ወዲያ ማለት ነው፤ ለጉዳይ መሯሯጥ እንደምንለው። ይህ አንዱ ለአማርኛ የሚቀርብ ነው፤ ሌሎቹ ግን እንዲህ አይመቹም።

«ራን ኤ ሬድ ላይት» ላይ ቁሙ። ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ወይም ከባድ መኪና የምትነዱ ሰዎች ይህ የክስ ወረቀት ላይ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ፈጥኖ መንዳት ሌላ ጥፋት ነው፤ አታምታቱት።

ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮግራም ማስነሳት፣ ማስኬድ ነው። አይቲ የሚሠሩ ልጆች «ራን አድርገው» ሲሉ ስለምትሰሙ አትቸገሩም። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«አር»ን ቁልፍ አብራችሁ ስትጫኑ የሚከፈተው ትንሽ ሳጥንም ስሙ «ራን» ነው። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ምንጩን የማታውቁት ፋይል «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» አድርጉኝ ካላችሁ አታድርጉ። ሙሉ ሥልጣን ስጡኝ ነው የሚላችሁ።

ምርጫ ላይ ደግሞ «ራን ፎር» ብሎ ሹመቱን ያስከትላል፤ መወዳደር ነው። አሜሪካዊ «ራን ፎር» ሲል እንግሊዛዊ ብዙ ጊዜ «ስታንድ ፎር» ይላል። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል፣ ሁለቱም ድምፅ ይለምናሉ።

ደረጃ 5፦ ትንሿን ቃል አትዝለሏት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜ እንስጠው። ከ«ራን» በኋላ «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር»፣ «ባይ»፣ «ዳውን» ዓይነት ቃል ካለ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ያዙ። መዝገበ ቃላት ላይም ከዋናው ትርጉም በታች ወርዳችሁ ለብቻ ፈልጓቸው።

*ራን አውት እና ራን አውት ኦቭ*

ማለቅ ነው። የምንሳሳተው ባለቤቱ ላይ ነው። «ብር አለቀብኝ» ስንል ያለቀው ብሩ ነው፤ ባለቤቱ እሱ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሰውዬውን ባለቤት ያደርገዋል፦ «አይ ሬን አውት ኦቭ መኒ»። ብሩን ባለቤት ማድረግ ከፈለጋችሁ «ኦቭ»ን አውጧት፦ «ማይ መኒ ሬን አውት»። ሰው ባለቤት ከሆነ «ኦቭ» ትኖራለች፤ ዕቃው ባለቤት ከሆነ አትኖርም። «አይ አም ራን አውት መኒ» የሚባል የለም።

*ራን ኢንቱ*

ሰው ካስከተለ ድንገት መገናኘት ነው። ችግር ካስከተለ ችግር መግጠም። ባለቤቱ መኪና ሆኖ ግንብ ወይም ምሰሶ ካስከተለ ግን መግጨት። የገንዘብ መጠን ካስከተለ እስከዚያ መድረስ።

*ራን ኦቨር*

ተሳቢው ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ በመኪና መዳጥ ነው። ተሳቢው ዕቅድ ወይም ጽሑፍ ከሆነ በፍጥነት መከለስ። ተሳቢ ከሌለው ከተመደበው ሰዓት ማለፍ፦ «ዘ ሚቲንግ ሬን ኦቨር»።

አደጋውን ታዩታላችሁ። ጓደኛችሁን መንገድ ላይ አግኝታችሁት «አይ ሬን ኦቨር ማይ ፍሬንድ» ካላችሁ፣ የሰማችሁ ሰው አምቡላንስ ሊጠራ ይችላል። የትራፊክ አደጋ ቃል ስትሰጡ ከሁለቱም ራቁ። «ሂት» በሉ፤ «ሜት» በሉ። ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ፍርድ ቤት ካልተማመናችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

*ራን ባይ*

ሁለት ወጥመድ አለው። «ራን ኢት ባይ ሄር» ማለት ነገሩን ንገሪያት፣ አስተያየቷን ጠይቂ ማለት ነው። «ኢት ኢዝ ራን ባይ ሄር» ማለት ግን የምታስተዳድረው እሷ ናት ማለት ነው። የሚለያቸው ከፊት ያለው «ኢዝ» እና የ«ኢት» ቦታ ነው። የሥራ ኢሜይል ውስጥ በብዛት የሚመጣው የመጀመሪያው ነው።

*ራኒንግ ሌት፣ ሎው፣ ሾርት*

«አይም ራኒንግ ሌት» ልዘገይ ነው፣ አርፍጃለሁ። «ዊ አር ራኒንግ ሎው ኦን» ሊያልቅብን ነው። «ራኒንግ ሾርት ኦቭ»ም ያው ነው። ሦስቱም በየቀኑ የሚያገለግሉ ስለሆኑ መጀመሪያ እነዚህን አፋችሁ ላይ አድርጓቸው።

ተውላጠ ስም የት እንደሚገባም ተጠንቀቁ። «ራን ኢንቱ» አይከፈልም፤ «አይ ሬን ኢንቱ ሂም» ብቻ ነው። መዳጥ የሚለው «ራን ኦቨር» ግን ይከፈላል፤ «ዘ ካር ሬን ሂም ኦቨር»። የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይህን በምሳሌ ያሳያል። ምሳሌውን ሳታዩ አትጻፉ።

ደረጃ 6፦ የተጣበቁትን ፍቱ

ቀጥሎ ጥምሮቹ ይመጣሉ። መጀመሪያ ክፍተቱን እዩ። ተለያይተው ከተጻፉ በአብዛኛው ግስ ናቸው። ከተጣበቁ ወይም በትንሽ ሰረዝ ከተያያዙ ስም ወይም ቅጽል ናቸው። ስትሰሙ ደግሞ ስም ከሆነ ድምፁ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ሰረዝ አለው የለውም የሚለው ላይ መዝገበ ቃላቶቹም አንዳንዴ አይስማሙም፤ አብዝታችሁ አትጨነቁበት።

መጨነቅ ያለባችሁ ስሙ ከግሱ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ነው። እነዚህን ደብተራችሁ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጻፉ፦

- «ራን ኢንቱ» መገናኘት ነው፤ «ኤ ራን-ኢን» ግን ጠብ፣ ግጭት። «ሂ ሃድ ኤ ራን-ኢን ዊዝ ሂዝ ቦስ» ካሉ ከአለቃው ጋር ተጋጭቷል እንጂ ሻይ አልጠጡም።
- «ራንዳውን» ተጣብቆ ስም ሲሆን አጭር ማጠቃለያ ነው። «ራን-ዳውን» ቅጽል ሆኖ ሲመጣ ለቤት ያረጀ፣ ለሰው የዛለ።
- «ራን ኦፍ» መሸሽ ወይም ጽሑፍ ማባዛት ነው። «ራንኦፍ» ግን በመጀመሪያው ዙር አሸናፊ ሲታጣ የሚደረግ ሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ ወይም ከዝናብ በኋላ መሬት ላይ የሚፈስ ጎርፍ።
- «ራን አዌይ» መጥፋት፣ ኮብልሎ መሄድ፤ «ኤ ራንአዌይ» ከቤት የጠፋው ልጅ ራሱ።

አሁን ደግሞ ከሚገመቱት ውጭ የሆኑት። «ራኒንግ ሜት» አብሮ ሯጭ አይደለም፤ በአሜሪካ ምርጫ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ከዋናው ዕጩ ጋር የሚቀርበው ሰው ነው። «ራነር-አፕ» ሁለተኛ የወጣ። ሲበዙ «ስ» መካከል ላይ ትገባለች፦ «ራነርስ-አፕ»። «ራንዌይ» የአውሮፕላን መንደርደሪያ ነው፤ የፋሽን ትርኢት ላይ ሞዴሎች የሚሄዱበትም እንዲሁ። «ድራይ ራን» ከዋናው በፊት የሚደረግ ልምምድ፤ ከድርቀት ጋር አታያይዙት። «ሂት-ኤንድ-ራን» ገጭቶ ማምለጥ። «ራኒንግ ዎተር» የቧንቧ ውሃ። «ስሪ ዴይስ ራኒንግ» ሦስት ቀን በተከታታይ።

እንግሊዝኛ ድርሰት ለምትጽፉ አንድ ልጨምር። መምህር ወረቀታችሁ ላይ «ራን-ኦን» ብሎ ካሰመረ፣ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለ ማያያዣ አገናኝታችኋል ማለት ነው። በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማገናኘትም አያድናችሁም። ነጥብ አድርጉና በትልቅ ፊደል ጀምሩ፣ ወይም «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ሶ» አስገቡ። አማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለሚችል እኛ ላይ ይበዛል።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሏ ከኋላ ትመጣለች። «ኦቨርራን» ከተመደበው ጊዜ ወይም በጀት ማለፍ። «አውትራን» ሮጦ መብለጥ። «ፍራንት-ራነር» በውድድር እየመራ ያለው። ይህን ያህል በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ በአንድ መልእክት ላይ ሞክሩት

ከሥራ ባልደረባ ይህ መጣ እንበል፦

«አይም ራኒንግ ሌት። ካን ዩ ራን ዘ ሚቲንግ? ዊ ሬን አውት ኦቭ ታይም ላስት ዊክ፣ ሶ ፕሊስ ራን ዘ አጀንዳ ባይ ሄለን ፈርስት።»

ሳትቸኩሉ አንድ በአንድ ሂዱ።

1. የመጀመሪያዋ ከኋላዋ «ሌት» አለ። ደረጃ 5። እያረፈደ ነው።
2. ሁለተኛዋ ከ«ካን ዩ» በኋላ ስለመጣች ግስ ናት። ስም አስከትላለች፣ ያውም ስብሰባ። ደረጃ 4። እንድትመሩለት ይጠይቃል።
3. ሦስተኛዋ «ሬን» ናት፤ አልፏል። ባለቤቱ ሰው ስለሆነ «ኦቭ» አለች። ሰዓት አልቆብን ነበር።
4. አራተኛዋ ላይ «ባይ ሄለን» አለ። «ኢዝ» የለም። አጀንዳውን ለሄለን አሳዩአት፣ ሐሳቧን ጠይቁ።

አራት ጊዜ መጣች፣ አንዴም ሩጫ አልሆነችም። አሁን እናንተ ተመሳሳይ መልእክት በራሳችሁ ጉዳይ ጻፉ። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ያለቀ ዘይት፣ ምንም ይሁን።

ሳይሳካ ሲቀር

*መዝገበ ቃላቱ ከአርባ በላይ ትርጉም ከደረደረባችሁ።* ትርጉሞቹን አታንብቡ። ምሳሌዎቹን ብቻ በዓይናችሁ ቃኙ። ከእናንተ ዓረፍተ ነገር ጋር ባለቤቱ ወይም ተከታዩ ስም የሚመሳሰልበት ላይ ቁሙና የዚያን ትርጉም አንብቡ።

*የስልክ መተርጎሚያ «ሮጠ» እያለ ካስቸገረ።* ቃሏን ብቻ ስላስገባችሁ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ያኔም ከሳተ፣ በእንግሊዝኛ ቀለል ባለ ቃል እንዲጽፈው የላከውን ሰው ጠይቁት። ነውር የለውም።

*ሁለት ትርጉም እኩል ከገጠመ።* ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። «ሂ ኢዝ ኦን ዘ ራን» ብሎ ስለ ፖሊስ ከቀጠለ ተደብቋል። ስለ ስብሰባ ከቀጠለ ሥራ በዝቶበታል።

*ስታነቡ እየገባችሁ ስትሰሙ ካመለጣችሁ።* ቃላቱ ሲነገሩ ይጣበቃሉ። «ራን አውት ኦቭ» በአሜሪካኖች አፍ «ራናውራ» ሊመስል ይችላል። «ራን ኢት ባይ» ደግሞ «ራኒትባይ» ይሆናል። የመዝገበ ቃላቱን የድምፅ ቁልፍ ተጭናችሁ ቃሏን ብቻ መስማት እዚህ አይረዳም። ጽሑፍ ከሥሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ክፈቱ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ አጫውቱ፣ ከዚያ ጽሑፉን ሸፍናችሁ ስሙ።

*ለመናገር ከፈራችሁ።* አትጠቀሙባት። በ«ራን ኤ ሾፕ» ፋንታ «ማኔጅ»፣ በ«ራን ኢንቱ» ፋንታ «ሜት»፣ በ«ራን ኤ ፊቨር» ፋንታ «ሃቭ ኤ ፊቨር» ማለት ይቻላል። ማንም አይታዘባችሁም። ሰው ሲጠቀምባት መረዳት ግን ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩን አታቋርጡ።

*የጻፋችሁትን ከረሳችሁት።* ምናልባት ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለውን የአማርኛ ትርጉም ብቻ እያነበባችሁ ነው። ገልብጡት። አማርኛውን እያያችሁ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ በሉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ዓምድ ጋር አስተያዩ። ትንሿ ቃል ከተዛነፈች በቀይ አክብቧት፤ በማግስቱ ከእሷ ጀምሩ።